ኦማዳ ኮንትሮለር በራስ ኮምፒውተር ላይ፦ ለቤት ዋይፋይ ያዋጣል?

ቤቱ ሁለትና ከዚያ በላይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) የሚፈልግ ከሆነ በደንብ ያዋጣል። ለኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ግን ትርፍ ልፋት ነው። አክሰስ ፖይንቶችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው የቲፒ-ሊንክ ኦማዳ ሶፍትዌር ኮንትሮለር ክፍያ የለውም፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይጫናል። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አንዴ ካስገቡ ሁሉም አክሰስ ፖይንት ላይ ይደርሳል።

ለተለመደ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሁለት ኢኤፒ225 አክሰስ ፖይንት፣ አንድ አነስተኛ ፒኦኢ ስዊች (በኔትወርክ ኬብል መብራትም የሚልክ ማከፋፈያ) እና ካት 6 ኬብል ይዘው ይጀምሩ። ኢኤፒ225 802.3ኤኤፍ የተባለውን የፒኦኢ ደረጃ ስለሚቀበል መብራቱም በዚያው ኬብል ይሄድለታል፤ ኮርኒስ ላይ ሶኬት ማውጣት አያስፈልግም። የራውተሩን ዋይፋይ ያጥፉት፤ አለዚያ ስልኮች እሱ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው «አዶፕት» ላይ፣ ማለትም አክሰስ ፖይንቱን ከኮንትሮለሩ ጋር ሲያያይዝ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ይጠርጥሩ፤ የዩዲፒ 29810 እና የቲሲፒ ከ29811 እስከ 29814 ፖርቶች መከፈት አለባቸው። ኮንትሮለሩ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ከሆነ በሆስት ኔትዎርክ ያስነሱት፤ የአክሰስ ፖይንት ፍለጋው ብሮድካስት (ለሁሉም የሚበተን መልእክት) ስለሆነ የዶከሩን ብሪጅ፣ ማለትም የውስጥ ኔትዎርኩን፣ አያልፍም። ለኮንትሮለሩም ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ያስይዙለት። ማሽኑ ያረጀ ከሆነ ደግሞ የኮንትሮለሩ ዳታቤዝ የሆነው ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ ኤቪኤክስ የተባለው የትእዛዝ ስብስብ በሌለው ሲፒዩ ላይ አይነሳም፤ 4.4ን ይጫኑ።

ሳሎን የተያያዘ ስልክ ፎቅ ወጥቶም አልለቅ ካለ ኮንትሮለሩን አይውቀሱ፤ መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ስልኩ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዙን ጉልበት «ሎው» ላይ ያውርዱ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ፣ አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ ያስቀምጡ። 5 ጊጋኸርዝ ላይ አንዱን ቻናል 36፣ ሌላውን 44 ላይ በ40 ሜጋኸርዝ ስፋት ይለዩ። በ80 ካደረጉት ከ36 እስከ 48 ያለው በሙሉ አንድ ቻናል ይሆንና ሁለቱ ይሻማሉ።

ኮንትሮለሩ ቢጠፋ ዋይፋዩ አይቋረጥም፤ የሚቆመው የእንግዳ መግቢያ ገጹና መከታተያው ነው። ከባዱ ነገር መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ መቻሉ ነው። ስለዚህ ከዴስክቶፕ ይልቅ ባትሪው ያልሞተ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ እንመርጣለን። አውቶ ባክአፑን ያብሩና ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። አክሰስ ፖይንቶቹ ሲያያዙ ኮንትሮለሩ የመግቢያ ቃላቸውን ይቀይረዋል፤ ባክአፕም ቃሉም በእጅ ከሌለ እያንዳንዱን ከኮርኒስ አውርዶ ሪሴት ማድረግ ግድ ይሆናል።