የጥርስ ሽቦ፦ ለስላሳ ግፊት ወይስ ጠንካራ?

ከደብረ ሲና ወይም ከሸዋ ሮቢት ለሽቦ ቀጠሮ የሚመላለስ ሰው «ጠበቅ ቢያደርጉልኝ ቶሎ አያልቅም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መንገዱ ያደክማል፤ ትራንስፖርቱም ወጪ ነው። ግን ጥርስ ስለተገፋ ብቻ አይሄድም። የሚንቀሳቀሰው በዙሪያው ያለው አጥንት በአንድ ወገን ሲሟሟ፣ በሌላው ሲገነባ ነው።

ፍጥነት
ለስላሳ፦ ደም መዘዋወሩን ስለማያቆም አጥንቱ በጥቂት ቀናት ሥራ ይጀምራል። ጥርሱ በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል።
ጠንካራ፦ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ያለውን ስስ ጅማት ይጨፈልቃል። ደም ይቋረጣል፣ ህዋሳት ይሞታሉ። የሞተው እስኪጸዳ ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። ለመፍጠን የተጨመረው ጉልበት መልሶ ያዘገያል ማለት ነው።

ሕመም
ለስላሳ፦ ከሰዓታት በኋላ ይጀምርና በ2 እስከ 4 ቀን ይበርዳል።
ጠንካራ፦ ወዲያው ያማል።
በሁለቱም የገብስ ቆሎ ይቅርባችሁ። ሽቦውን የያዘውን ነገር ይነቅላል፤ ያኔ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ መንገድ።

አደጋ
እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጠንካራ ግፊት የጥርስ ሥር የማጠር አደጋን ይጨምራል። ያጠረ ሥር ደግሞ ተመልሶ አይረዝምም።

ለማን የቱ?
ጥርስን ለማዘንበል ከ35 እስከ 60 ግራም ግፊት ይበቃል። ከነሥሩ ለማንሸራተት ከ70 እስከ 120 ግራም ያስፈልጋል። በድድ በሽታ አጥንቱ ለተመናመነ አዋቂ ከዚህም መቀነስ አለበት። ጠንካራ ግፊት ቦታው ሌላ ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ጠባብ ላንቃ ሲሰፋ። እዚያ የሚፈለገው ጥርሱን መግፋት ሳይሆን የላንቃውን ግራና ቀኝ አጥንት ከመሃል ማላቀቅ ነው።