ለሻጋታ ምን ይገዛ? በረኪና፣ አየር ማስወጫ ወይስ እርጥበት መጣጭ ማሽን?

ግድግዳው ሲሻግት አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ በረኪና ነው፣ ቀጥሎ ወደ ቀለም። ሁለቱም ለጊዜው ያሳምራሉ። እርጥበቱ ግን እዚያው ስላለ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ነገር እርጥበቱን ይቀንሳል ወይስ እድፉን ብቻ ያነሳል?

ሻጋታ መሆኑን ለማወቅ ኪት አትግዙ

ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ጥግ ላይ፣ ቁም ሳጥን ጀርባ ወይም መስኮት ጠርዝ ላይ ካያችሁ፣ የታፈነ ሽታም ካለ፣ ሌላ ማረጋገጫ ብዙም አያስፈልግም። የሚያሳስተው ነጩ ነው። ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከሟሟ ግድግዳው ያወጣው ጨው ነው፤ ሻጋታ አይሟሟም። ጨው ሆነ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፣ ግድግዳው ውስጥ ውሃ እየሄደ ነው ማለት ነው።

የሚሸጡት የሻጋታ መመርመሪያ ሳህኖች ገንዘብ ማባከኛ ናቸው ባይ ነኝ። የሻጋታ ዘር በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ሳህኑ ላይ የሆነ ነገር መብቀሉ አይቀርም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በዓይን የሚታይ ሻጋታ ካለ በአብዛኛው ናሙና መውሰድ አያስፈልግም ይላል።

መጀመሪያ የሚገዛው የእርጥበት መለኪያ ነው

ከሁሉም ርካሹ፣ የሌላውን ምርጫ የሚወስነውም እሱ ነው። የቤት ውስጥ አየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ30 እስከ 50 ቢሆን ይመረጣል። ባለ መርፌው ቆንጆ ነው፣ ግን በቀላሉ ይዛባል። ዲጂታሉ ይሻላል። እሱንም ቢሆን ሳትፈትኑ አትመኑት፦ በትንሽ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ከመለኪያው ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 አካባቢ ማንበብ አለበት። 70 ካለ፣ ከዚያ በኋላ በሚያሳየው ላይ 5 እየጨመራችሁ አንብቡ።

አሁን ቁጥሩን ተከታተሉ። ሻወር ከተወሰደ ወይም ምግብ ከተሠራ በኋላ ብቻ ጨምሮ ከዚያ የሚወርድ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ አየር ማስወጫ ፋን ነው። ቀንና ሌሊት ከ60 በላይ ከሆነና መስኮት መክፈት ካልረዳ ወደ ማሽን ሂዱ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ ከረጠበ ግን ምንም አትግዙ፤ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ ወይም ጣሪያውን አስፈትሹ።

ፋን ወይስ ማሽን?

ፋን ኤሌክትሪክ አይበላም ማለት ይቻላል፣ እንፋሎቱንም ገና ሳይበተን ያወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ቱቦው ውጭ መድረስ አለበት። ኮርኒስ ውስጥ የሚተፋ ፋን ሻጋታውን ከመታጠቢያ ቤት ወደ ጣሪያ ያዛውረዋል። ሶፍት ወረቀት ስታስጠጉለት ይዞ ካላስቀረው አየር እየሳበ አይደለም።

ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦

| | ባለ ኮምፕረሰር | ባለ እርጥበት መጣጭ ንጥረ ነገር |
|---|---|---|
| የሚስማማው | ሞቅ ያለ ክፍል | ቀዝቃዛ ክፍል |
| ኤሌክትሪክ | ያነሰ | የበለጠ |
| ክብደት | ከባድ | ቀለል ያለ |
| ክፍሉን | ብዙም አያሞቅም | ያሞቃል |

ክፍላችሁ ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ባለ ኮምፕረሰሩ በረዶ እየያዘው ይደክማል። ከዚያ ውጭ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሻጩ “በቀን ይህን ያህል ሊትር” ሲላችሁ በስንት ዲግሪና በስንት በመቶ እርጥበት እንደተለካ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚለካው በጣም ሞቃትና እርጥብ ክፍል ውስጥ ስለሆነ እናንተ ቤት ያን ያህል አይሰበስብም።

ቁም ሳጥን ውስጥ የሚንጠለጠሉት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ለቁም ሳጥን ደህና ናቸው፤ ለክፍል ግን የትም አይደርሱም። የሚሰበስቡት ፈሳሽ ቆዳና ብረት ስለሚያበላሽ እንዳይፈስ፣ ልጆችም እንዳያገኙት። የአየር ማጣሪያ ማሽንስ? ባለ ሄፓው (በጣም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው) የሻጋታ ዘር ይይዛል፣ አለርጂ ላለበት ሰው ይጠቅማል። አንዲት ጠብታ እርጥበት ግን አይቀንስም።

ማጽጃዎቹ

ሴራሚክና መስታወት ላይ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውሃና ጥሩ ብሩሽ ይበቃሉ። በረኪና እድፉን ስለሚያነጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። እንጨትና ጂፕሰም ላይ ግን ላዩን ነጭ ያደርጋል እንጂ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም። አቼቶ ሽታው ቶሎ ይጠፋል፣ ለቀላል ሻጋታ ጥሩ ነው፤ እብነ በረድ ላይ ግን አታስነኩት። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ስለሚቀሰቅስ ዋናው ነገር ጠርጎ ማውጣቱ ነው።

በረኪናን ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጓንት፣ መነጽርና ኤን-95 ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። የሻገተው ቦታ ከ1 ካሬ ሜትር ገደማ ከበለጠ ለባለሙያ ስጡት። ውሃ የገባበት ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ማጽጃ ከመግዛት መጣሉ ያዋጣል።

ፀረ ሻጋታ ቀለም የመጨረሻው ግዢ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለውን መመሪያ ብታነቡት “መጀመሪያ አጽዱ፣ አድርቁ” ይላል። መለኪያው ለሳምንታት ከ60 በታች ሳያሳይ፣ ግድግዳውም በእጅ ሲነካ ደረቅ ሳይሆን ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታውጡ።