ስኩዊድ ፕሮክሲ ሰርቨር በአነስተኛ ቢሮ፦ የስምንት ወር አጠቃቀም

አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ባሉት የሒሳብ ሥራ ቢሯችን ስኩዊድ የተባለውን ነጻ የፕሮክሲ ሶፍትዌር (ኮምፒውተሮቹ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበት አማካይ) መጠቀም ከጀመርን ስምንት ወር ሞላን። የጫንኩት መጋዘን ውስጥ በተቀመጠና 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሲሆን፣ ኡቡንቱ ከተባለው ሥርዓተ ክወና ጋር እስካሁን አቅም አንሶት አያውቅም።

መጀመሪያ ያነሳሳኝ ሐሳብ ግን ስሕተት ነበር። አንዱ ሠራተኛ የከፈተውን ገጽ ሰርቨሩ አስቀምጦ ለሌላው ከዚያው ስለሚሰጥ ኢንተርኔታችን ይፈጥናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስኩዊድ ብቅ ባለበት በ1996 እ.ኤ.አ. ይህ ትክክል ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ተመስጥሮ ስለሚጓዝ ፕሮክሲው የሚያውቀው የድረ ገጹን ስም እንጂ ይዘቱን አይደለም፤ ያላየውን ደግሞ ሊያስቀምጥ አይችልም። ምስጠራውን መሐል ላይ ፈትቶ እንደገና የሚያመሰጥርበት አሠራር ቢኖረውም፣ የደንበኞች ሒሳብና የባንክ ገጾች በየቀኑ በሚከፈቱበት ቢሮ ይህን ማድረግ ተገቢ ሆኖ ስላላገኘሁት አልነካሁትም። ስለዚህ ከመሸጎጫው ያገኘነው ጥቅም ጥቂት ነው።

ዋጋውን ያገኘሁት በሌላ በኩል ነው። ወርኃዊ የግብር ማስታወቂያ በምንልክባቸው ቀናት አንድ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል ማውረድ ከጀመረ የሌሎቹ ሁሉ ሥራ ይቆም ነበር። መስመራችን 10 ሜጋቢት ነው። በስኩዊድ የፍጥነት ማከፋፈያ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር 5 ሜጋባይት የሚይዝ ባልዲ መደብኩለት፤ ባልዲው እስኪያልቅ መረጃው በሙሉ ፍጥነት ይመጣል፣ ካለቀ በኋላ ግን በሰከንድ 125,000 ባይት ብቻ ይሞላል። ተራ ገጽና ቅጽ ከዚያ በታች ስለሚሆን ምንም ሳይዘገይ ይከፈታል፤ የሚዘገየው ረጅሙ ማውረድ ብቻ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስኩዊድ የሚቆጥረው በባይት ሲሆን ኢንተርኔት የሚሸጥልን በቢት መሆኑ ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። እኔ ይህን ሳላስተውል በመጀመሪያው ሳምንት 1,000,000 ብዬ ስለጻፍኩ፣ 1 ሜጋቢት ሰጠሁ ባልኩበት 8 ሜጋቢት ሰጥቼ ነበር፤ ምንም ለውጥ ያላየሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

የፈቃድና የክልከላ ደንቦቹም ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ስኩዊድ ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ላይ ይቆማል። ለቢሮው ኔትወርክ ፈቃድ የሰጠሁበትን መስመር «ሁሉንም ከልክል» ከሚለው በታች በመጻፌ፣ ስኩዊድ ጥያቄ የሚቀበልበት በር (ፖርት 3128) ተከፍቶ ሳለ ግማሽ ቀን ያህል ማንም ሊገባ አልቻለም።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ላፕቶፕ ነው። የፕሮክሲውን አድራሻ በእጅ ያስገባሁባቸው ሰዎች ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ያንን አድራሻ ስለማያገኙት ኢንተርኔት የለም ይላቸዋል፤ አንዷ ባልደረባችን በዚህ የተነሳ በሦስት ሰዓት ደውላልኛለች። መፍትሔው አድራሻውን ከማስገባት ይልቅ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያነበው ፓክ የተባለ አጭር ፋይል በቢሮው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ሆነ፤ ፋይሉ ከቢሮ ውጭ ስለማይገኝ ብሮውዘሩ በቀጥታ ይገናኛል። በስልክ ላይ ግን በርካታ መተግበሪያዎች የፕሮክሲ ቅንብሩን ስለማይከተሉ፣ ስልኮቹን ፍጥነቱ በራውተሩ ወደተገደበ ሌላ ዋይፋይ አዛወርኳቸው።

መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ባይኖር የማይታወቅ ችግር ይመጣል፦ ራውተሩ በባትሪ ቢሠራ እንኳ ፕሮክሲው ከጠፋ መውጫ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ላይ አገናኘሁ፣ መብራት ሲመለስም ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ በባዮስ (በማሽኑ መነሻ ቅንብር) አዘዝኩ። ይህን ወጪ ፕሮክሲ የሚያስብ ሁሉ ከመጀመሪያው ይያዝ።

ሰርቨሩ ማን፣ መቼ፣ ወደየትኛው ድረ ገጽ እንደሄደ ይመዘግባል። ይህን ለሠራተኞቹ ሳልነግር መጀመሬ ትክክል አልነበረም። በሁለተኛው ወር ሰብስቤ አስረዳኋቸው፤ መዝገቡ በሰባት ቀን እንዲጠፋ አደረግኩ፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ካልሆነ በስተቀር ከፍቼ እንደማላየውም ነገርኳቸው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ጸንቻለሁ።