የኢላማ ቤቴ ፖሊካርቦኔት መከለያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ተኳሽ ጎን ለጎን የሚቆምባት ትንሽ የኢላማ ቤት አለችኝ። መሣሪያው የአየር ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱም 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ። በተኳሾቹ መሃል ያቆምኩት መከለያ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ፖሊካርቦኔት፣ ማለትም እንደ መስታወት የሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ክረምቱም በጋውም አልፎበታል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ይሄ መከለያ ለእውነተኛ ጠመንጃ አይሆንም። ሽጉጥ የሚተኮስበት አዳራሽ ጥይት የሚመክት የጠነከረ ብረት፣ ወይም ተደራርቦ የተጣበቀ ወፍራም መከላከያ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ነጥሮ የተመለሰ የእርሳስ ፍንጣሪ የጎረቤት ዓይን እንዳይገባ፣ ጀማሪም አፈሙዙን ወደ ጎን እንዳያዞር።

ጥንካሬው ላይ ቅሬታ የለኝም። ፍሬሙን የሠሩልኝ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ መስታወት ምን አነሰህ?» ብለውኝ ነበር። መስታወት አንዴ በሰደፍ ከተመታ ስባሪው ራሱ አደጋ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ሌላው የሚያሳይ ፕላስቲክም ቢሆን ያምራል እንጂ ሲመታ ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔቱ ግን ስንቴ ተገጭቶ፣ ስንቱ ተደግፎት፣ ምንም አልሆነም። ቀላልም ነው። 6 ሚሊው በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ መስታወት ቢሆን 15 ነበር። ቀጭን ቱቦላሬ ይበቃዋል።

የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ግን ማሳየቱ ነው። ሒሳብ ከምቀበልበት ቦታ ሦስቱንም ተኳሾች አያለሁ። ማን ጣቱን ምላጩ ላይ እንዳሳረፈ፣ ማን ጠመንጃውን ይዞ ጓደኛውን ሊያወራ እንደዞረ ይታየኛል። በኮምፔርሳቶ ብከልለው ለየክፍሉ አንድ ሠራተኛ ማቆም ነበረብኝ።

አሁን ወደ ምሬቱ። ይጫራል፣ በጣም ይጫራል! የኮምቦልቻን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጅቡቲ የሚመጣ የጭነት መኪናም በኛ በኩል ያልፋል። ፕላስቲኩ ደግሞ ሲታሽ ኤሌክትሪክ እየያዘ አቧራውን ይስበዋል። በደረቅ ጨርቅ መወልወል በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ላርጎና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃና ቲነር አይድረስበት፤ ውስጥ ለውስጥ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣበታል። በእርጥብ ማጽዳቱ ለጤናም ግድ ነው። የእርሳስ ብናኝ ስላለ ደረቅ መጥረጊያ ቤቱ አይገባም፤ ተኩሶ የጨረሰም እጁን ሳይታጠብ አይወጣም።

ሌላው ሙቀት ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሉህ በ20 ዲግሪ ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ይበል፣ ከሥሩም የጎማ ቀለበት ይግባ። አንዱን ሉህ በያጁ ጥርቅም አድርጎ አሰረው፤ ቀትር ላይ ሆዱን ነፍቶ ጠበቀን። አላልተን ስናስረው ተመለሰ።

ድምፅ ላይ ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም ያስተጋባል። ከጠረጴዛው በታች ያለውን ክፍል ምንጣፍ በለበሰ ኮምፔርሳቶ ስቀይረው ጩኸቱ ረገብ አለ፣ ወጪውም ቀነሰ። አዲስ የሚሠራ ሰው ፖሊካርቦኔቱን ከወገብ በላይ ብቻ ቢያደርገው ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የብረት ኳስ ጥይት ይዞ «አብሽር፣ ምንም አይልም» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። አላስገባም። እርሳስ ሲመታ ይደፈጠጣል፤ ብረት ግን ነጥሮ ይመለሳል፣ መከለያ ደግሞ ፊት ለፊት የሚመጣውን አይከለክልም።

ደሴ ላይ ለመክፈት ያሰባችሁ፣ እዚያ የሚያስቸግራችሁ ሙቀቱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ለታችኛው ክፍል ቺፕውድ አትግዙ፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ኮምፔርሳቶ ግዙና ጠርዙን ጭምር ቀለም ቀቡት። ፖሊካርቦኔት ስትገዙም ጠርዙን እዩ። ብዙ ሱቅ ያለው ለጣሪያ የሚሆነው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ዓይነት ነው፤ እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክም ተቆርጦና ተበስቶ ሳያልቅ አትላጡት።