የአይጥ ኦፕራሲዮን የሚችሉ ሐኪም አሉ፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአይጣችንን የሚሚን እብጠት አውጥተው እሷን በሰላም ስለመለሱልን ምስጋናችን ከልብ ነው። ለማዳ አይጥ ያላችሁና «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል» ተብላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ሁሉ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ እዚህ አላሰፈርነውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን።

ቀድመን የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አንጠራም። አንዱ ጋ ሳይነኳት «ለአይጥ ደግሞ ኦፕራሲዮን!» ተባለ። ሌላው ጋ «ትንሽ ይደግና እናየዋለን» ብለው ቀጠሮ እያራዘሙ አስጠበቁን። ሦስተኛው ጋ የሰጡን ወረቀት «ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» ይላል። ከሁሉ የሚያናድደው ይሄ ነው፤ በማደንዘዣ ጊዜ እንዳያስመልሳቸው ለውሻና ለድመት የተጻፈ ትእዛዝ ነዋ! አይጥ ማስመለስ አትችልም፤ ተፈጥሮዋ አይፈቅድላትም። ዋና ምግቧን የምትበላው ደግሞ በሌሊት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከጾመች የደሟ ስኳር ወርዶ፣ ገና ማደንዘዣው ሳይጀመር ተዳክማ ትቀርባለች። የእኛ ሐኪም ያሉት አጭር ነበር፦ «ሌሊቱን ትብላ፣ ውሃዋም አይነሳ። አፏ ውስጥ ፍርፋሪ እንዳይቀር ብቻ ከመግባቷ ትንሽ ቀደም ብለን ምግቡን እናነሳለን።»

«ይደግ» የሚለውም ምክር ጉዳት አለው። ሴት አይጥ 12 የጡት ጫፎች አሏት፤ የጡት ዕጢዋ ከአንገቷ ሥር አንስቶ እስከ ብሽሽቷ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ብብቷ ሥር፣ አንገቷ ላይ ወይም ጭኗ መሃል የምታገኙት እብጠት የጡት ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ግን ማደጉን አያቆምም። የባቄላ ፍሬ ያህል ሆኖ ሲወጣ ሥራው አጭር ነው። የእንቁላል ያህል ከሆነ በኋላ የሚመግቡት የደም ሥሮች ይወፍራሉ፣ ቆዳው ተወጥሮ ይቆስላል፣ ማደንዘዣ ላይ የምትቆይበት ጊዜም ይረዝማል። በሌላ ቦታ አዲስ ሊበቅል እንደሚችል ሳይደብቁ አስቀድመው የነገሩንም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከቢላው በፊት ያደረጉትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሳንባዋን ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ብዙ ለማዳ አይጦች ማይኮፕላዝማ የሚባለውን ጀርም ይዘው ይኖራሉ፤ ሳንባዋ የሚያፏጭ አይጥ መጀመሪያ ታክማ ነው ማደንዘዣ የሚሰጣት። ቀጥሎ መዘኗት፤ 310 ግራም። «ይህች ያላት ደም በሙሉ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው» አሉ። 2 ሚሊ ሊትር ፈሰሰ ማለት ካላት ደም አንድ አስረኛው ሄደ ማለት ነው። ውሻ ላይ ማንም ልብ የማይለው ጠብታ አይጥ ላይ ይቆጠራል። እሳቸውም ደም የነካውን ጥጥ እያንዳንዱን ለብቻ አስቀምጠው እየቆጠሩ ነው የሠሩት።

ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ኦፕራሲዮኑ አምሮ ሳለ አይጥ የሚገድለው አንዱ ነገር ብርድ ነው። ጠረጴዛው ቀድሞ ሞቆ ነበር። ጭራዋንና እግሮቿን አየር በቋጠረ ፕላስቲክ ጠቀለሉ፣ ጸጉሯን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ላጩ፣ አልኮል እንዳያረጥባት ቆጠቡ፣ ከቆዳዋ ሥር የሰጧትም ፈሳሽ ለብ ያለ ነበር። ዓይኗ ጎላ ብሎ የወጣ ስለሆነና በማደንዘዣ ስለማይከደን እንዳይደርቅ ቅባት አደረጉበት።

የማንረሳው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የማደንዘዣው ጋዝ ተዘግቶ ሁሉም ሲያበቃ ለረዳት ሰጥተው አልሄዱም። መዳፋቸው ውስጥ አድርገው፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ጢሟ ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ አፍንጫዋ። በጣታቸው ጫፍ የላመ ምግብ አስጠጉላትና ላሰች። «በላች!» ብለው ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ የእኛን ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ሐኪም ይብዛልን።

ስፌቱም ከቆዳ ሥር የተደበቀ ነው፤ ክሩ በራሱ ይሟሟል፣ ከላይ የቁስል ማጣበቂያ አለው። ክር ከውጭ ከተተወ አይጥ በአንድ ሌሊት በጥርሷ ትፈታዋለች። ቁስሉን እንዳትነካ አንገት ላይ የሚታሰረው ቆብም መፍትሔ አይደለም፤ መብላትና ገላዋን ማጽዳት ያቅታታል፣ ትጨነቃለች።

ለቤት የሰጡንን መመሪያ ለሚያስፈልጋችሁ እንዲህ ነው። መሰላልና መወጣጫውን ሁሉ አውጡ፤ ቤቷ አንድ ወለል ብቻ ይሁን። ሰጋቱራውን አንሱ፤ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ የሕመም ማስታገሻም አይጥ ምግብ ያልሆነ ነገር እንድትበላ ያደርጋታል። ነጭ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ሶፍት አንጥፉ፤ ደም ካለ ወዲያው ይታያችኋል። ማሞቂያ ከወለሉ ግማሽ ሥር ብቻ ይሁን፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ግማሽ ትሸሽ። የታዘዘውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሜሎክሲካም፣ ደህና ብትመስልም በሰዓቱ ስጧት፤ አይጥ ሕመሟን ትደብቃለች። የሰው ማስታገሻ በግምት አትስጡ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗት፤ ክብደቷ በ10 በመቶ ከቀነሰ ደውሉ። ዓይኗ ዙሪያ የምታዩት ቀይ ነገር ብዙውን ጊዜ ደም ሳይሆን ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ያለው ፈሳሽ ነው፤ ቢሆንም መጨነቋን ይናገራል። ዓይኗን ጨፈን፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካደረገች አሟታል። ቁስሉ ቢከፈት፣ ቢሞቅ ወይም መግል ቢይዝ «ነገ» ሳትሉ ወዲያው ውሰዷት።

እኒህ ሐኪም ያን ዕለት ማታም፣ በማግስቱ ጠዋትም ደውለው «በላች? ሸናች?» ብለው ጠይቀዋል። ዶክተር፣ ደግመን እናመሰግናለን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናንተም ሂዱ፣ አትዘግዩ፣ እብጠቱ ትንሽ እያለ ሂዱ። ስትሄዱ አብራት የምትኖረውን ጓደኛዋንም በዚያው ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፤ እሳቸው ራሳቸው «ብቻዋን አታምጧት» ነው የሚሉት።