ወፍራሙ ወይስ ቀጭኑ? የቆንጆዋና የአውሬው ተረት ለአዋቂ

«ያን ስለ ቆንጆዋና ስለ አውሬው የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ልግዛው?» ብለው የጠየቁኝ ጓደኞቼ በዚህ ወር ብቻ አምስት ደረሱ። ሁለቱ የደወሉት ከኮምቦልቻ ነው። ለእያንዳንዱ ከምደግመው፣ ከዚሁ ተረት ከተነሣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጋር አነጻጽሬ አንዴ ልጻፈው።

ወፍራሙ የቆንጆዋንና የአውሬውን ተረት አጨልሞ፣ ወሲብ ጨምሮበት እንደ አዲስ የሚተርክ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ነው። ደሴ ፒያሳ 900 ብር ተባልኩ፤ ተከራክሬ በ850 ወሰድኩት። ኮፒ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው። ሽፋኑ ያብለጨልጫል። ውስጡ ግን ፊደሉ ደብዝዟል፤ የመስመሩን ጫፍ ጥራዙ ውጦታል። በሦስተኛው ቀን ኮላው ለቀቀ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በ120 ብር በክር አስጠረዝኩት። ከገጽ 212 ቀጥሎ 229 እንደሚመጣ ያሳየኝ የሚጠርዘው ልጅ ነው። በ970 ብር 16 ገጽ የጎደለው መጽሐፍ!

የጎደለው ቢገኝም አይክሰኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1756 ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ማዳም ደ ቦሞን በፈረንሳይኛ ባሳተመችው ተረት አውሬው ማታ ማታ በእራት ሰዓት «ታገቢኛለሽ?» ይላል። ልጅቷ እምቢ ትላለች። እሱም አዝኖ ይወጣል። ተረቱን ያቆመው ይህ ጥያቄ ነው። እምቢ ማለት ስለምትችል ነው እሺታዋ ደስ የሚለን። ወፍራሙ መጽሐፍ ጥያቄውን አውጥቶ ጥሎታል። ሰውየው ልጅቷን ይወስዳል፣ ይቆልፍባታል፤ ትንሽ ቆይታ ታፈቅረዋለች። እኛ አገር ይህ ስም አለው፤ ጠለፋ ይባላል። ወሲቡ አልነበረም ያናደደኝ። ጠለፋን ፍቅር ብሎ መሸጡ ነው።

ቀጭኑ የእንግሊዛዊቷ የአንጄላ ካርተር «ዘ ብለዲ ቻምበር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ፣ አሥር ታሪኮች ያሉት። ሁለቱ ከዚሁ ተረት የተነሡ ናቸው። በአንዱ አባት በካርታ ጨዋታ ልጁን አስይዞ በአውሬው ይሸነፋል። አውሬው እርቃኗን አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል፤ እምቢ ትለዋለች። መጨረሻ ላይ በገዛ እግሯ ትሄድለታለች። ነብር የሆነው አውሬው ሲልሳት ቆዳዋ እየተላጠ ከሥሩ ጸጉር ይወጣል። ይጨልማል፣ ገላም አለበት፤ ግን የምትወስነው እሷ ናት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያገለገለ ኦሪጅናል ነው ያገኘሁት። አዲስ አበባ 450 ብር ተገዝቶ፣ በ80 ብር በአውቶቡስ ተላከልኝ። 530 መሆኑ ነው፤ ከወፍራሙ በ440 ይቀንሳል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ሰው በእርሳስ አስምሮበታል። ጥራዙ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። ከከበዳችሁ የ1756ቱን ተረት በስልካችሁ አንብቡ። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ በነፃ የተለቀቀ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለው።

እናቶች፣ ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ አይታችሁ ለልጅ እንዳትገዙ። ወፍራሙም ቀጭኑም የልጅ አይደሉም።

ወፍራሙን የግድ የምትሉም ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መሐሉን ግልጥ አድርጋችሁ የመስመሩ ጫፍ መነበቡን እዩ። የገጽ ቁጥሩንም ተከተሉ። ሻጩ «ይበላሻል፣ አይከፈትም» ካላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።