ደሴ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ካያክ ልትቀዝፉ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ያው ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ «የፊታችን ቅዳሜ ሐይቅ! ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ካያክ፣ ፎቶ» ብለው የሚለጥፉት፣ ቦታ ሊያልቅ ነው እያሉ የሚያዋክቡት። እኛ የዕቁብ ጓደኛሞች የእህቴን ልጅ ጨምሮ 14 ነበርን። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው። ለአንድ ሰው 900 ብር አሉን። ሙሉውን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ 800 ይሁንላችሁ ሲሉ፣ ብር ሰብሳቢዋ እኔ ስለነበርኩ 11,200 ብር በቴሌብር ላክሁላቸው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት። «ልጅ ይዘናል፤ ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ ወይ?» አልኩ። «እንዴ እህቴ፣ ያለሱማ ማንም ውሃ አይገባም» አለኝ በድምፅ መልእክት። መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

በጠዋት እንነሳለን ተብሎ መኪናው ከደሴ ፒያሳ የተነሳው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከደሴ ሐይቅ እኮ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ምሳ ተባለ። ከዚያ ወንዶቹ እስጢፋኖስ ገዳም ደርሰው ይምጡ ተባለ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኛ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ወደ ውሃው የወረድነው 8 ሰዓት አልፎ ነው። ከሰዓት ንፋስ እንደሚነሳ የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እነሱም ያውቃሉ።

ብርቱካንማዎቹ ላይፍ ጃኬቶች ሣሩ ላይ ተደርድረው ስናይ ልባችን አረፈ። ሁላችንም ለበስን። የልጅቷን ራሴ ነኝ ያሰርኩላት። የአዋቂ ነበር፤ ሰፍቷት ጆሮዋ ድረስ ይወጣል። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ካያኮቹን ከኋላ አድርገን ተሰለፍን። ከአዘጋጆቹ አንዱ ልጅ «ሳቁ! እጅ ወደ ላይ!» እያለ ፎቶ አነሳን።

ፎቶው እንዳለቀ «በሉ አውልቁ» አለ።

አልገባንም። «ለሌላ ግሩፕ ነው፣ እየጠበቁን ነው» ብሎ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ይሰበስብ ጀመር። እኛም እያወለቅን ሰጠነው። ልጅቷ ጋ ሲደርስ አላወለቀችም። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እኔን አየችኝ። እሱ ጎንበስ አለና በሁለት ጣቱ መቆለፊያውን ተጭኖ ፈታው። ጠቅ አለ። ከትከሻዋ አንሸራቶ ወሰደው። «አይዞሽ፣ ዳር ዳሩን ነው» አላት።

እኔ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የሰው ብር ይዤ አምጥቻቸው፣ ሁሉም ደስ ብሎት ቆሞ፣ ቀኑን ላበላሽባቸው አልፈለግኩም። «ልጅቷስ?» አልኩ፣ ያውም ቀስ ብዬ። መቅዘፊያውን እያቀበለኝ «የከተማ ሰው ውሃ ሲያይ መፍራት ልማዱ ነው» አለኝ። ጓደኛው ሳቀ። መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። እኔም ልጅቷን ከፊቴ አስቀምጬ ገባሁ።

ሩብ ሰዓት እንኳን አልቆየንም። ንፋሱ መጣ። ከእኛ ራቅ ብለው የነበሩት ሁለት ጓደኞቻችን ሞገዱ ከጎን መታቸውና ካያኩ ተገለበጠ። አንደኛው ዋና አይችልም። ከአዘጋጆቹ አንድም ሰው ውሃው ላይ አልነበረም። የደረሰላቸው በታንኳ መረቡን ሊሰበስብ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሩቅ «ጀልባውን አትልቀቁ! ያዙት!» እያለ እየጮኸ ቀዝፎ ደረሰ። ካያኩን ይዘው ባይቆዩ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ብር ብንሰጠው እምቢ አለ። «ልጆቼ፣ በዚህ ንፋስ ማነው የላካችሁ?» ነበር ያለን።

እኔና ልጅቷ ዳር ስንደርስ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ትንቀጠቀጥ ነበር። ብራችንን መልሱ ስል «ወጥተዋል አይደል? ምን ሆኑ?» አለኝ ያው ልጅ። ማታ ስጽፍለት «የገባችሁት በፈቃዳችሁ ነው» ብሎ ብሎክ አደረገኝ።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ግቡ። ጃኬቱን ከለበሳችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮ ካለፈ ልካችሁ አይደለም። አብሯችሁ የሚቀዝፍ ዋና የሚችል ሰው ከሌላቸው አትግቡ። ብሩንም ከውሃ ስትወጡ ክፈሉ።

ትናንት ጓደኛዬ አሳየችኝ፤ ፎቶአችንን ለመጪው ቅዳሜ ማስታወቂያ አድርገውታል። «ደኅንነትዎ የተጠበቀ» ብለው ጽፈውበታል። ከፊት ጆሮዋ ድረስ የሚወጣ ጃኬት ለብሳ የምትስቀው ልጅ የእህቴ ልጅ ናት።